ለውሃ አገልግሎቱ ሥራ አስኪያጅ፣ ስለ ሃያ ሦስቱ ፊርማዎቻችን

ለተከበሩ የምዕራብ ኮረብታ ውሃ አገልግሎት ዋና ሥራ አስኪያጅ
ናይሮቢ፣ መጋቢት 2008 እ.ኤ.አ.

ክቡርነትዎ ከነቤተሰብዎና ከነቢሮዎ ቧንቧ እንደምን ሰንብተዋል? እኛ የኪሊማኒና የኪሌሌሽዋ ደንበኞችዎ፣ ከማክሰኞ ወዲህ ብቅ ካላለው ውሃ በቀር፣ ደህና ነን። በአርባ ስምንት ዓመቴ ሐሳቤን የሚጠይቀኝ መሥሪያ ቤት በማግኘቴ፣ እውነቴን ነው የምልዎ፣ ከደስታዬ ብዛት ጥርሴን መክደን አቅቶኛል።

አንደኛ፣ አዲሱን ታሪፍ ከማጽደቅዎ በፊት ለውይይት ስለጠሩን አመሰግናለሁ። ማስታወቂያውን ዌስትላንድስ ባለው ቢሮዎ ከበሩ ጀርባ መለጠፍዎ፣ በሩን ዘግቶ የሚያነብ ትጉህ ደንበኛ እንዳለዎት ማመንዎን ያሳያል።

ሁለተኛ፣ የውይይቱ አዳራሽ መግቢያ ላይ ስለነበረው መዝገብ። እኔ እዚህ የምንኖር ኢትዮጵያውያን የመሠረትነው እድር ጸሐፊ ነኝ። በእድራችን ስብሰባ የመጣ ሰው ይፈርማል፤ ያልፈረመ እንደቀረ ተቆጥሮ ይቀጣል። እናም መዝገቡን ሳይ፣ ልማድ ሆኖብኝ፣ ቶሎ በሉ እያልኩ ሃያ ሁለቱን አባሎቻችንን አስፈርሜ ከታች እኔም ፈረምኩ። ገጹ ላይ ያኔ ከመስመር በቀር አንዳች ጽሑፍ አልነበረም። ባለፈው ሳምንት ባወጡት ሪፖርት ግን ያው ገጽ «አዲሱን ታሪፍ የደገፉ ደንበኞች» የሚል ርእስ አግኝቶ፣ ከነፊርማችን ተያይዟል። ለዚህ ያህል ድካምዎ ምስጋናዬ የላቀ ነው።

ሦስተኛ፣ ይህችኛዋ እንኳ ብዙም አታስቅም። ከፈራሚዎቹ አራተኛዋ እህተማርያም ናት። ኪሌሌሽዋ በተከራየችው ቤት የምግብ ቤቶችን የጠረጴዛ ልብስ እያጠበች ሁለት ሴት ልጆች ታስተምራለች። በአዲሱ ታሪፍ ሥራ የሚሠራበት መኖሪያ ቤት እንደ ትልቅ ሆቴል ይከፍላል። እሷም ስብሰባው ላይ ተነሥታ፣ ይህ ከጸደቀ እጥበቱን አቁሜ ልጆቼን ከትምህርት ቤት አስወጣለሁ ስትል ሁላችንም ሰምተናል፤ ክቡርነትዎም ራስዎን ነቅንቀዋል። በሪፖርቱ ውስጥ ግን ንግግሯ የለም፤ ስሟ ብቻ አለ። አይታው ወደ ቤቴ መጣችና «እስክሪብቶውን ያቀበልሽኝ አንቺ ነሽ» አለችኝ። አሥራ አንድ ዓመት ስንጠያየቅ ኖረን፣ እሑድ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ እንዳላየችኝ አልፋኛለች።

አራተኛ የለኝም፤ ሦስተኛው ይበቃኛል። ቦርድዎ የፊታችን ሐሙስ ድምፅ ይሰጣል። ከዚያ በፊት ሃያ ሦስቱን ስሞች ከድጋፉ ዝርዝር አውጥተው፣ በምትካቸው እህተማርያም ያለችውን፣ እንዳለችው አድርገው እንዲያስገቡ በትሕትና እለምናለሁ።

ባልዲዋን ከቧንቧው ሥር ደቅና፣ የክቡርነትዎን ደግነት ጆሮዋን አቁማ የምትጠብቅ ታዛዥ ደንበኛዎ፣
ማንጠግቦሽ ካሣሁን
የእድር ጸሐፊ፣ ኪሊማኒ

ማስታወሻ፦ የዚህን ደብዳቤ የእንግሊዝኛ ቅጂ ትናንት ለቢሮዎ ሳስረክብ፣ ጸሐፊዎ በመረከቢያ ደብተሬ ላይ ፈርመውልኛል። ከፊርማቸው በላይ ባዶ ቦታ ስላገኘሁ፣ በመሥሪያ ቤትዎ አሠራር መሠረት፣ «አዲሱ ታሪፍ እንዲቀር የተስማሙ» ብዬ ሞልቼዋለሁ። ገጹን ሐሙስ ይዤ እመጣለሁ።