ከሁለቱ አንዱ ነህ

የሰዒድ አባት ሆይ፣

ሰላም ላንተ ይሁን፤ አላህ ማረፊያህን ያስፋልህ። ከዚህ ቤት እንደወጣህ ከቀረህ ዓመት ሊሞላህ ነው። ገበያ ሄደህ እንዲህ ቆይተህ አታውቅም፤ መኪና እንኳን ቢበላሽ ሰው ፈልገህ ታስደውልልኝ ነበር። አሁንም የአይሱዙ ጥሩምባ በሰማሁ ቁጥር ብድግ እላለሁ። ልጃችን ዘይነባ እያየችኝ እንዳላየች ታልፋለች።

ቤቱ ደህና ነው ልልህ ነበር፤ አንተን ግን ማታለል አልችልበትም። ዝናቡ ዘንድሮም ቀረ። ከብቱ ስላለቀ የገጠሩ ሰው ጨርቅ መግዛት ትቷል፤ ብትኖርም እዚህ ነገሌ ላይ ገበያ አይኖርህም ነበር። ሰዒድ ባጃጁን ሸጦ ሀዋሳ ሥራ ገብቷል። ዘይነባ ከነልጇ እኔ ጋ ናት። ትንሹ መራመድ ጀምሯል፤ የሚሄደውም ከዶሎ ወደመለሱልኝ የጨርቅ ጥቅልህ ነው፤ ገመዱን ሊፈታ ይታገላል። እኔ እስካሁን አልፈታሁትም።

መንግሥት በተለወጠ ሰሞን፣ እንደተጋባን፣ ሻሽና የእጅ ባትሪ በጆንያ ተሸክመህ በእግርህ ትዞር ነበር። በኋላ በመኪና ክብረ መንግሥት፣ ፊልቱ፣ ዶሎ ኦዶ ደረስክ። ጉጂዋን በኦሮምኛ አካም፣ ናጋ ብለህ፣ ሶማሌዋን በቋንቋዋ አስቀህ ትሸጥላቸዋለህ። ሱቅ ክፈት ብንልህ፣ እንደ ሙሽራ ተቀምጬ ሰው እስኪመጣ ልጠብቅ እንዴ እያልክ ስትስቅብን ኖርክ። ሰባ ካለፈህ በኋላም አልተቀመጥክም። አንተ ግትር!

ስትመለስ አዲሱን ጨርቅ አልጋው ላይ ዘርግተህ ለእኔ፣ ለገዛ ሚስትህ ትሸጥ ነበር። አንተ ዋጋ ትጠራለህ፣ እኔ አጣጥላለሁ፣ አንተ ከገዛሁበት በታች ነው ብለህ ወላሂ ትላለህ፤ ልጆቹ በሳቅ ይንከባለላሉ። መጨረሻ ላይ ተሸነፍኩ ብለህ ትከሻዬ ላይ ጣል ታደርገዋለህ። ባዶ እጅህን ገብተህ አታውቅም፤ ሌላው ቢጠፋ ተምር ይዘህ ትመጣለህ። ልጆቻችን የበሉትም የተማሩትም በዚያች ጥቅል ነው። ይህን ሳስብ ቤቱ ይጠበኛል።

ዶሎ፣ ገበያ መሐል ወደቀ አሉኝ። ሙቀቱ ነው የሚልም አለ፣ ልቡ ነው የሚልም አለ። ስልኩ ሲደወልልን ቀብረውህ ነበር። በሃይማኖታችን ሟች ቶሎ ወደ ማረፊያው ይሸኛል፤ በዚያ ሙቀትማ እንዴት ያቆዩህ? አልፈርድባቸውም። አጥበው፣ ከፍነው፣ ሰግደውብህ ቀበሩህ፤ ውለታቸውን አላህ ይክፈላቸው። እኔ ግን ፊትህን አላየሁም። የቀን ጎዶሎ!

ባሏ የሞተባት ሴት ከቤት የማትወጣበት ጊዜ ሲያልቅ ዶሎ እሄዳለሁ አልኩ። ሰዒድ ተቆጣ። መንገዱ አያስተማምንም፣ ደግሞስ ሴት ምን ቀብር ያስኬዳታል አለ። ያን ሁሉ ዘመን በር ላይ ቆሜ የሸኘሁህ እኔ ነኝ፤ ማን ሊከለክለኝ? ጥዬው ሄድኩ።

የቀበሩህ ሁለት ሽማግሌዎች ወደ መቃብሩ ይዘውኝ ወጡ። ለካ በዚያው ቀን ከስደተኞች ጣቢያ የመጣ አንድ ሰው አጠገብህ ተቀብሯል። ሁለት የድንጋይ ክምር ጎን ለጎን፤ ስም የለ፣ ምልክት የለ። አንደኛው ሽማግሌ በግራሩ ዛፍ በኩል ያለው ነው አለኝ። ሌላው የለም፣ በመንገዱ በኩል ያለው ነው፣ በእጄ አፈር አልብሼዋለሁ ብሎ ማለ። እፊቴ ተከራከሩ። ሁለቱም ደግ ሰዎች ናቸው፣ ሁለቱም እርግጠኞች ነበሩ። እኔ ግን ያን ሁሉ አገር አቋርጬ የመጣሁት አንተ ጋ ለማልቀስ ነበር፤ የቱ ጋ ላልቅስ? መሐላችሁ ተቀምጬ ለሁለታችሁም ዱዓ አደረግኩ።

ስመለስ ሰዒድ ከሀዋሳ መጥቶ ጠበቀኝ። በመቆጣቱ ተጸጽቶ ስምህ የተጻፈበት ብረት አሠርቷል። የትኛው መቃብር ላይ እንደምተክለው ንገሪኝ አለኝ። እውነቱን ልነግረው አፌን ከፈትኩ። ዓይኑን ሳየው ግን አባቱን ሁለተኛ ልቀብርበት መሰለኝ። በግራሩ በኩል ያለው ነው አልኩት። ሄዶ ተከለው። ተመልሶ ሲመጣ፣ ከሞትክ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ጠግቦ በላ፤ እኔም በልቶ እስኪነሳ አየሁት።

ለዘይነባም አልነገርኳት፤ ሆድ ይፍጀው። ላንተ ግን አልደብቅም። ስምህ የቆመው ምናልባት የማናውቀው ሰው ላይ ነው። የእሱም ሚስት የትም ሆና የመኪና ድምፅ እየሰማች ብድግ ትል ይሆናል፤ ያለበትን የሚነግራት ሰው እንኳን ያላት አይመስለኝም። ለእሷም አለቅሳለሁ።

ዝናብ ሲጥልና መንገዱ ሰላም ሲሆን ልጆቹ አብረን እንሂድ ብለዋል። አልቀርም። እግሬ እስኪከዳኝ በየጊዜው እመጣለሁ፤ ልረሳህ ብልም አልችልም። እነሱ ብረቱ ጋ ቆመው አባታችን ሲሉ፣ እኔ ደክሞኛል ብዬ በመንገዱ በኩል ካለው አጠገብ እቀመጣለሁ።

ባለቤትህ፣ የሰዒድ እናት