ሌንሱ ያልያዛት ወፍ

እታለም፣

አንቺን ከቀበርንሽ ክረምቱ አልፎ ጥቅምት ገባ። ቤቱ እንደነበረ ነው ብዬ አልዋሽሽም። አባዬ ማታ ሲጸልይ ስማችንን በየተራ ይጠራና አንቺ ጋ ሲደርስ ጉሮሮውን ይጠርጋል። አልጋሽ ላይ ማንም አይተኛም።

ለለቅሶው ድንኳን ፎቶሽን ብንፈልግ አጣን። የሆሳዕና ከተማን ሙሽራ ሁሉ ስታነሺ ኖረሽ አንቺን ያነሳሽ የለም። መጨረሻ ላይ የመታወቂያሽን አስተልቀን ሰቀልን፤ አፍሽን ገጥመሽ የተነሳሽውን። እማዬ ገና ስታየው "ከኔ የወረሰችውን ፍንጭት ደብቀውባታል! ይቺ ልጄ አይደለችም!" ብላ ጮኸች። አሁንም ሳሎን አለ። ባየሁት ቁጥር ያ ፊት ባንቺ ፊት ቦታ እየገባብኝ ነው። እፈራለሁ፣ እታለም።

ቅዳሜ ካሜራሽን ይዤ ቦዮ ሐይቅ ሄድኩ። እዚያ ፊትሽ የሚመጣልኝ መስሎኝ ነው። ወፎችሽ መጥተዋል፤ እነዚያ ብርዱን ሸሽተው ከሩቅ አገር የሚመጡት፣ በቀጫጭን እግራቸው ጭቃው ላይ ሮጥ ቆም የሚሉት። እንዳስተማርሽኝ በሆዴ ተኛሁ። መጀመሪያ ይዘሽኝ የሄድሽ ቀን ወደ እነሱ ስሳብ እግሬን ጎትተሽ "አንተ ትራክተር! አትሂድባቸው፤ ዝም ካልክ ራሳቸው ይመጣሉ" ያልሽኝ ትዝ አለኝ። ሳቅሽ እንዳያስበረግጋቸው እጅጌሽን ነክሰሽ ነበር።

ዝም አልኩ። አንዷ እየለቀመች ቀረበች፤ ክንዴን ብዘረጋ እነካታለሁ። ሌንሱ ግን አልያዛትም፣ ደበዘዘችብኝ። ረጅሙ ሌንስ በጣም የቀረበ ነገር አይችልም፣ ያኔ ካሜራውን አስቀምጠህ በዓይንህ እይ ብለሽኝ ነበር። አስቀመጥኩት። ዓይኗን የከበበውን ቢጫ ቀለበት ሳይቀር አየሁ። ከዚያ ልቅሶዬ አመለጠኝና ሁሉም በረሩ።

አንቺንም ያላነሳንሽ አጠገባችን ስለነበርሽ ይሆን? ማን ትሄዳለች ብሎ ያነሳሻል።

ጭቃ በጭቃ ሆኜ ስገባ እማዬ ተቆጣች። የትራክተሩን ነገር ነገርኳት። ሳቀች፤ ከሞትሽ ወዲህ ስትስቅ ሳይ የመጀመሪያዬ ነው። ፍንጭቷ ወጣ። ፊትሽ መጣልኝ፣ እታለም፣ ሙሉው ፊትሽ! ካሜራው አንገቴ ላይ ነበር። አላነሳሁትም። አየኋት ብቻ።

አልረሳሽም። እማዬን አስቃታለሁ።

ትራክተርሽ