በጾም የወረደው ኮሌስትሮል

መጋቢት 26 ቀን 2006 ዓ.ም.፣ ስካይዌይ

...ለፈተና ሳጠና ነበር ለእማዬ የነገርኳት። የሴል ሽፋን ከስብ የተሠራ ነው፤ የስቡ ቅንጣት ጭንቅላት ውሃ ይወዳል፣ ጭራው ይሸሻል። ምነው ዝም ባልኩ።

ዛሬ የደም ምርመራዋ ውጤት መጣ። ኮሌስትሮሏ ወርዷል።

«አየሽ? ክኒኑ ከዛሬ ጀምሮ በቃኝ። ያለ ስብ ሰውነት አይቆምም ያልሽኝስ አንቺ አይደለሽ?»

«የሚበቃሽን ኮሌስትሮል ጉበትሽ ራሱ ይሠራል፣ እማዬ። የወረደው ክኒኑን ስለዋጥሽ፣ ቅቤም ሳትቀምሺ ከወር በላይ ስለጾምሽ ነው።»

«በጾሜም ትቀኚብኛለሽ?»

ሁለታችንም ሳቅን። አባዬም ግን ደህና ነኝ ብሎ ክኒኑን አቁሞ ነበር የሞተው። ሁለተኛ አይደገምም።

ከፋሲካ በኋላ እንደገና እንድትመረመር ቀጠሮ ያዝኩላት። እስከዚያ ክኒኑን በየቀኑ እጇ ላይ አኖራለሁ።

የዛሬውን ከነውሃው ይዛ መኝታ ቤቷ ገባች። በሩን ዘጋችው፤ ስትውጠው አላየሁም።