ማክሰኞን ለዘፈን የለቀቁት ወይዘሮ ኪኑዬ ሶማ ዐረፉ

በኦታሩ ከተማ የሂዮሪ ጎዳና ነጋዴዎች ማኅበር፣ የሃማናሱ የሕዝብ መታጠቢያ ቤት ባለቤትና የማኅበሩ ነባር አባል የነበሩት ወይዘሮ ኪኑዬ ሶማ በተወለዱ በ83 ዓመታቸው ባለፈው ቅዳሜ ጠዋት በሆስፒታል ማረፋቸውን ለአባላቱና ለሠፈሩ ነዋሪ የሚያስታውቀው በከባድ ሐዘን ነው።

ወይዘሮ ኪኑዬ መታጠቢያ ቤቱን እ.ኤ.አ. በ1974 ከአማታቸው ተረክበው እስከ ዘንድሮ ክረምት ድረስ አስተዳድረዋል። ቤቱ ከሚዘጋበት ከማክሰኞ በቀር፣ ውኃው ሳይሞቅ የዋለበት ቀን ጥቂት ነው።

እ.ኤ.አ. በ2016 የሠፈራችን ልጅ ዘፋኝ ናትሱሆ ኦኩዴራ ከቶኪዮ ተመለሰች። ስምንት ዓመት ሙሉ የዘፈነችው ያስፈረማት የሙዚቃ ኩባንያ የመረጠላትን ነበር፤ ራሷ የጻፈቻቸው ከደብተር አልወጡም። ውሏን ስታቋርጥ የመድረክ ስሟ የኩባንያው ንብረት ሆኖ እዚያው ቀረ። ወይዘሮ ኪኑዬ ድምፅ ጥሩ የሚያስተጋባውን የሴቶቹን መታጠቢያ ክፍል በየማክሰኞው የዘፈን መቅረጫ እንድታደርገው ፈቀዱላት። ያስቀመጡት ቅድመ ሁኔታ አንድ ነበር፦ «የሌላ ሰው ዘፈን እንዳታመጪብኝ፤ ለዚያ ሬዲዮ አለኝ።» በእናት አባቷ የወጣላትንም ስም ደንበኞች ጫማቸውን ከሚያኖሩባቸው ሣጥኖች በ31ኛው ላይ በእጃቸው ጻፉላት።

በ2018 የመጀመሪያው አልበም ተጠናቀቀ። ግጥሙ፣ ዜማውና ቅንብሩ የናትሱሆ ነው። ወይዘሮ ኪኑዬ ሁለተኛውን ዘፈን ሰምተው «አልጣመኝም» አሉ። ናትሱሆ ከአልበሙ ላውጣው ስትል ግን ተቆጡ፦ «አንቺ ልጅ፣ ያንቺ አይደል? እንዳለ ተዪው! እኔን ደስ ለማሰኘት ከሆነማ ከቶኪዮ ምን አመጣሽ?» ዘፈኑ ከአልበሙ አልወጣም። ወይዘሮ ኪኑዬም አስተያየታቸውን እስከ መጨረሻው አልቀየሩም።

በ2021 ኩባንያው የመድረክ ስሟን ሊመልስላት፣ በምትኩ ቅንብሩን እሱ ሊመርጥ ጥያቄ አቀረበ። ናትሱሆ ምክር ፍለጋ ስትመጣ ወይዘሮ ኪኑዬ ወለል እየፈገፈጉ ነበር። «እኔ የማውቀው ሣጥኑ ላይ የጻፍኩትን ነው» ብለው መፈግፈጋቸውን ቀጠሉ። ውሉ አልተፈረመም።

አሁን በመቀረጽ ላይ ያለው ሦስተኛው አልበም ዘጠኝ ዘፈኖች ያሉት ሲሆን ስድስቱ ተቀርጸዋል። ወይዘሮ ኪኑዬ ሆስፒታል ሳሉ ለልጃቸው ለአቶ ሴይጎ «ማክሰኞ እንዳትሸኙኝ፤ ልጅቷ ሥራ አላት» ብለዋል። ናትሱሆ «እማማ በሌሉበት እንዴት እዘፍናለሁ?» ብትልም፣ አቶ ሴይጎ «እሱን ከእናቴ ጋር ተከራከሪ» ብለው የመታጠቢያ ቤቱን ቁልፍ ሰጥተዋታል። ተቀብላለች።

ማኅበሩ ለአቶ ሴይጎና ለቤተሰባቸው፣ ለመታጠቢያ ቤቱ ደንበኞችና ለናትሱሆ መጽናናትን ይመኛል። የስንብቱ ሥነ ሥርዓት ረቡዕ ይፈጸማል። ማክሰኞ ከረፋዱ አራት ሰዓት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ዓሣ ነጋዴዎች ድምፅ ማጉያቸውን፣ ዕቃ የሚያራግፉ መኪኖችም ሞተራቸውን እንዲያጠፉ ማኅበሩ በአክብሮት ያሳስባል። ሦስት ዘፈን ቀርቷል።