መሬት የጠጣው ወተት

ሐሙስ፣ ኅዳር ፱ ቀን ፲፱፻፸፭

ልጄ አልማዝ በወለደች በሳምንቷ ኩፍኝ ሲወጣባት፣ ሕፃኑን ከጡቷ ነጥዬ ጓዳ የወሰድኩት እኔው ነኝ። ጡቷ ሲወጠር «እለቢና ድፊው» ያልኳትም እኔ። ለልጁ ቅቤ እያላስኩ፣ የቀበሌ ስኳር በውሃ እየበጠበጥኩ አቆየሁት። ጎረቤቱም ጎበዝ አያት አለኝ።

ዛሬ ተቅማጡ ሲብስበት ጤና ጣቢያ ወሰድኩት። ነርሷ፣ «እማማ፣ ኩፍኝ በትንፋሽ እንጂ በወተት አይተላለፍም። እሷ ወተቷን አልባ፣ እርስዎ በንጹሕ ስኒ ቢያጠጡት ምን ነበረ?» አለችኝ። ስድስት ወልጄ ይህን የነገረኝ የለም።

አልማዝ ሽፍታው ከስሞላታል፤ ስንመለስ አጠባችው። ትንሽ ሳበና አለቀሰ። ጡቷ ደርቋል።

«እማዬ፣ እስቲ አብሽ አፍይልኝ፣ ይመለስ ይሆናል» አለችኝ፣ ቀስ ብላ። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። ይኸው አብሹን ጥጄ፣ ወተቱን ያስደፋኋት ቦታ ላይ ተቀምጫለሁ።