ከወለሉ ሁለት ሜትር ከሃያ ላይ ስለተሰቀለው ስክሪን

ለክቡር አቶ ወልደገብርኤል
የሆስፒታላችን የንብረትና ጠቅላላ አገልግሎት ኃላፊ
የካ ክፍለ ከተማ

ክቡር ሆይ፣

ይህ ደብዳቤ በሙሉ ጤንነትና በተቃና አንገት እንዲያገኝዎ ከልብ እመኛለሁ። እኔም ወደ ግራ ብቻ ከሚዞረው አንገቴ በቀር ደህና ነኝ። ሦስት ጊዜ ጽፌልዎ መልስ ስላጣሁ፣ ምናልባት ደብዳቤዎቼም ከፍ ብለው ተሰቅለው ይሆናል ብዬ፣ ይህኛውን ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ በዓይን ልክ ልለጥፈው ወስኛለሁ።

ሌላው አንባቢ እንዳይቸገር ሥራዬን ባጭሩ ላስረዳ። የሐሞት ጠጠር የማወጣው ሆድ ከፍቼ ሳይሆን፣ በአራት ትንንሽ ቀዳዳዎች ካሜራና ቀጫጭን ረጃጅም መሣሪያዎች አስገብቼ ነው። እጄ ታች ነው፤ ዓይኔ ስክሪኑ ላይ። በሽተኛው በማግስቱ ቤቱ ይገባል። ለዚህ ሥራ ስላደረጉልን ድጋፍ እንደሚከተለው አመሰግናለሁ።

1. ስክሪኑ እንዳይሰረቅ በማሰብ፣ ኳስ እንደሚታይበት ቤት ቴሌቪዥን፣ ከወለሉ ሁለት ሜትር ከሃያ ላይ በአራት ብሎን አሰቅለውልናል። እውነትም አልተሰረቀም። ቁመቴ አንድ ሜትር ከሃምሳ ስምንት ስለሆነ፣ ሦስት ቀዶ ሕክምና ባለበት ቀን ስድስት ሰዓት ያህል ሽቅብ ሳይ እውላለሁ። ነርሳችን ማርቲ «ዶክተር፣ ዛሬስ ዝናቡ ይመጣል?» እያለች ትጠይቀኛለች።

2. ከስክሪኑ ጋር አብሮ የመጣውን ባለጎማ ማቆሚያ፣ ከቢሮዎ በር አጠገብ ፕሪንተር ተሸክሞ እንዲያገለግል አድርገዋል። ፕሪንተሩ በትክክል በዓይን ልክ ነው። አይቼው ቀንቻለሁ።

3. ዝቅ ይበልልን ብለን ስንጠይቅ፣ ስክሪኑ በማይንቀሳቀስ ንብረትነት ስለተመዘገበ ለማንሳት ኮሚቴ እንደሚያስፈልግ በትሕትና አስረድተውናል። ኮሚቴው ከጥቅምት ወዲህ አልተሰበሰበም።

4. አቤቱታችንን ከልብ ሰምተውም፣ እንጦጦ ላይ ካለ አዳራሽ ወስደው፣ የሥራ ጫናን ስለመቋቋም የአንድ ቀን ሥልጠና ሰጥተውናል። በጥልቀት መተንፈስ ተምረናል። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ግን እርስዎ የአዳራሹን ስክሪን ሽቅብ እያዩ፣ አንገትዎን እያሹ «ኧረ ይሄን ስክሪን ዝቅ አድርጉልን፣ አንገታችን ተቀነጠሰ!» አሉ፤ የአዳራሹ ሠራተኛ ሰላሙም ሻይ ሳይመጣ ዝቅ አደረገው። ያለ ኮሚቴ። ከዚያ ሰርተፍኬት ሰጡን።

5. አምስተኛውን ሳልቀልድ ልጻፈው። ያለፈው ሳምንት ሐሙስ፣ የአንድ ሰውዬ ሐሞት ጠጠር ማውጣት ከጀመርኩ ሁለት ሰዓት ሲሆነኝ የቀኝ አውራ ጣቴ ደነዘዘ። የሚቆረጠው ቱቦና ፈጽሞ መነካት የሌለበት ቱቦ ጎን ለጎን ናቸው። ጣቴን ማመን አቃተኝ፤ አእምሮዬም ደክሞ ነበር። መሣሪያዎቹን አውጥቼ የሰውየውን ሆድ ከፈትኩ። ይድናል፤ ነገር ግን በማግስቱ መውጣት የነበረበት ሰው እስካሁን ተኝቷል።

ሰኞ ተራው የወይዘሮ ዲንቄ ነው። ከካራ ነው የሚመጡት፤ ሁለት ላሞቻቸውን የሚጠብቅላቸው ሰው ያገኙት እስከ ማክሰኞ ብቻ ነው። «ማክሰኞ ጠዋት ይወጣሉ» ብያቸዋለሁ። ስክሪኑ እዚያው ካለ ግን በዚህ ጣት አልደፍርም፤ ከፍቼ ነው የምሠራቸው። ላሞቹን ማን እንደሚጠብቅ ኮሚቴው ይወስን።

ለጥንቃቄዎ፣ ለሥልጠናዎና ለዝምታዎ ያለኝን ጥልቅ አክብሮት፣ አንገቴ እስከፈቀደልኝ ድረስ እጅ በመንሳት እገልጻለሁ።

ዶ/ር ሒሩት ዘረሰናይ
የቀዶ ሕክምና ስፔሻሊስት

የተረሳ ነገር፦ ይህን የጻፍኩት ቅዳሜ ነው፤ የለጠፍኩት ዛሬ ማክሰኞ። በመካከሉ፣ እሑድ፣ ወሰን ሰፈር ካለ ጋራዥ አሥራ ሦስት ቁጥር የብሎን ቁልፍ ተዋስኩ። መካኒኩ ሱፊያን «መኪናው ምን ሆነ ዶክተር?» ቢለኝ «መኪናው ደህና ነው፤ አንገቴ ነው» አልኩት። ስክሪኑ አሁን ማቆሚያው ላይ፣ ከዓይኔ ፊት ነው። አሥራ አንድ ደቂቃ ፈጀብኝ። ፕሪንተርዎን ወለል ላይ ያገኙታል፤ ጎንበስ ሲሉ እንደተማርነው በጥልቀት ይተንፍሱ። ወይዘሮ ዲንቄ ዛሬ ጠዋት ወደ ላሞቻቸው ሄደዋል። አራቱን ብሎኖች በፖስታ አድርጌ ለጸሐፊዎ ሰጥቻለሁና፣ ለንብረት ክፍል ገቢ መሆናቸውን የሚያሳይ ሞዴል 19 ይቆረጥልኝ። ግድግዳው ባዶ እንዳይሆንብዎም የሥልጠናውን ሰርተፍኬት ሰቅዬበታለሁ። ከወለሉ ሁለት ሜትር ከሃያ ላይ ነው፤ ለክቻለሁ።