ሰማንያ ሁለት እርምጃ ስለቀረው ካርታ

ለተከበሩ የቅርስ ቆጠራ የመስክ ጥናት አስተባባሪ
ባሉበት

በቅድሚያ የከበረ ሰላምታዬ ይድረስዎ። ጤናዎ እንዴት ነው? ወገብዎስ? ቀኑን ሙሉ ወንበር ላይ ሆኖ የመስክ ጥናት መምራት ወገብ እንደሚጎዳ ስለማውቅ ከልቤ ነው የምጠይቅዎ። እኛ ግድግዳችን ላይ ከተቀባው ቀይ ምልክት በስተቀር ደህና ነን።

እኔ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ በጠባቧ መተላለፊያ መጨረሻ የሚሠራው የመጽሐፍ ጠራዥ ልጅ ነኝ። አባቴ ሰማንያ አንድ ዓመቱ ነው፤ አያቱ በሠሩት ቤት፣ ጥራዙን በሚጫንበት በአያቱ የእንጨት መጫኛ፣ እስከ ዛሬ መጽሐፍ በቆዳ ይጠርዛል። አምና የቅርስ ቆጣሪዎች ይመጣሉ ሲባል ጢሙን ተላጭቶ፣ ደጁን ጠርጎ፣ ከማለዳ ጀምሮ በር ላይ ቆሞ የጠበቃችሁ እሱ ነው። ስለዚህ ምስጋናዬን ከጥቂት ቅሬታ ጋር አቀርባለሁ።

፩ኛ. ባለሙያዎችዎ መተላለፊያው ለመኪናቸው ስለጠበበ አስፋልቱ ዳር፣ ከሕዝብ መጸዳጃ ቤቱ ጥላ ሥር አቁመው፣ ቦታውን በመሣሪያ የመዘገቡት እዚያው መኪናው ውስጥ እንደተቀመጡ ነው። ፀሐዩ ከባድ ስለነበረ አልፈርድባቸውም። ከመካከላቸው በእግሯ እኛ ቤት ድረስ የመጣችው አንዲት ልጅ ብቻ ነበረች፤ እሷም ፎቶ አንስታ፣ የአባቴን ታሪክ ጽፋ ሄደች።

፪ኛ. በዚህም ምክንያት በታተመው ካርታ ላይ በጥብቅ ቅርስነት የተመዘገበው መጸዳጃ ቤቱ ሆኗል። ሦስት ትውልድ ያገለገለና ዛሬም ሥራ ላይ ያለ መሆኑን መግለጫው ያትታል፤ ይህን ማን ይክዳል? የእኛ ቤት ግን ባዶ ቦታ ተብሎ ለመንገድ ማስፋፊያ ተሰጥቷል። የማፍረሻው ደብዳቤ ሲደርሰን አባቴ ባዶው ቦታ ላይ ተቀምጦ ምሳውን ይበላ ነበር።

፫ኛ. ይህን ለማሳረም ስምንት ጊዜ ቢሮዎ ተመላልሻለሁ፤ ጸሐፊዎም ስምንቱንም ጊዜ መስክ ወጥተዋል ብላኛለች። የትኛው መስክ እንደሆነ ብትነግረኝ እዚያው ድረስ መጥቼ እግርዎ ላይ በወደቅሁ። ምክትልዎ ግን፣ እግዜር ይስጣቸው፣ ካርታው የሚታረመው በሚቀጥለው ቆጠራ፣ ከአምስት ዓመት በኋላ እንደሆነ በትሕትና አስረድተውኛል። ቤቱ የሚፈርሰው ሰኞ ነው።

ይህን የሚቀጥለውን ግን ቁጥር አልሰጠሁትም፤ ቅሬታ ሳይሆን ልመና ነውና። ያቺ ልጅ ለአባቴ የእርስዎ ማኅተም ያረፈበት ወረቀት ሰጥታው ነበር፦ ምዝገባው እስኪያበቃ ከቤቱ አንድም ዕቃ እንዳይነቃነቅ የሚል። ወንድሜ ዕቃውን ለማውጣት ጋሪ ይዞ ቢመጣ፣ አባቴ ወረቀቱን አሳይቶ፣ በማኅተም ላይ አይቀለድም ብሎ ከበር መለሰው። ወረቀቱን ያመነ ሰው እሱ ብቻ ነው። አሁን እዚያው ከመጫኛው አጠገብ ያድራል፤ ብንለምነው፣ ብናለቅስበት፣ እናንተ ሳትመጡ አልወጣም ይላል። ሰኞም እዚያው ነው የሚሆነው። ክቡርነትዎ፣ እፈራለሁ። አንድ ሰው ልከው ወረቀቱ ተሽሯል ቢያስብሉልን፣ ቤቱ ይቅር፣ አባቴን እናተርፋለን።

መጸዳጃ ቤቱን ለመጪው ትውልድ ስላቆዩልን ጎንበስ ብዬ እጅ እየነሣሁ፣ ቀሪው የሥራ ዘመንዎም እንደ ባለሙያዎችዎ በጥላ ሥር እንዲያልፍልዎ እመኛለሁ።

የጠራዡ ልጅ
ከባዶው ቦታ

ማስታወሻ፦ መኪናው ከቆመበት እስከ በራችን ሰማንያ ሁለት እርምጃ ነው፤ አባቴ በምርኩዙ ሄዶ ቆጥሮታል። መተላለፊያው ለመኪና ጠባብ መሆኑንም አምነን ተቀብለን ነበር። ትናንት የመጡት የአፍራሽ ግብረ ኃይሉ ኃላፊ ግን በሜትር ለክተው፣ ለዶዘሩ ይበቃል ብለዋል።